አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት ማይል፦ የደቡብ ካሮላይና ቦይና ባቡር ሐዲድ ኩባንያ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የባቡር ኩባንያ ነው። ኩባንያው በስሙ «ቦይ» የሚል ቃል ቢይዝም አንድም ቦይ አልቆፈረም። ሐዲዱ ግን በኦክቶበር 1833 ሲጠናቀቅ 136 ማይል፣ ማለትም ወደ 219 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከዚያ የሚረዝም የባቡር መስመር አልነበረም። ማንቸስተርን ከሊቨርፑል ያገናኘው ዝነኛው የእንግሊዝ መስመር እንኳ የዚህን ሩብ ያህል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የአሜሪካ የባቡር ታሪክ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ሰሜኑን ነው፤ ፋብሪካውን፣ ከአየርላንድና ከቻይና የመጣውን የቀን ሠራተኛ፣ በ1869 በዩታ የተገናኙትን ሁለት ሐዲዶች። ይሁንና ረጅሙ መስመር የተዘረጋው በደቡብ ነው። የሠሩትም በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ደፋር ቴክኒክ እንዲህ ካለው ሥርዓት ጋር ምን አገናኘው የሚለው ጥያቄ ነው እኔን ወደዚህ ኩባንያ የሳበኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። ቻርልስተን በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከሰሜን አሜሪካ ባለጸጋ ወደቦች አንዷ ነበረች። ሀብቷ ከባሕር ጠረፉ ሩዝና ከኢንዲጎ ቀለም የመጣ ነበር። የጥጥ መፈልፈያው መኪና ከተፈለሰፈ በኋላ ግን የጥጥ እርሻ ወደ መሀል አገር ዘለቀ፤ ያ ምርት ደግሞ ወደ ቻርልስተን የሚወርድበት ወንዝ አላገኘም። ደቡብ ካሮላይናንና ጆርጂያን የሚያዋስነው የሳቫና ወንዝ ጀልባ የሚቀበል በመሆኑ በኦገስታ ዙሪያ የተለቀመው ጥጥ ሁሉ በወንዙ ተጭኖ ወደ ተቀናቃኟ የጆርጂያ ወደብ ወደ ሳቫና ይወርድ ጀመር። የቻርልስተን ነጋዴዎች በገዛ ክፍለ ግዛታቸው የበቀለው ጥጥ በጎረቤት ወደብ ሲሸጥ ያዩ ነበር። ስለዚህ የባቡሩ ሐሳብ የተጠነሰሰው በሥልጣኔ ናፍቆት ሳይሆን ገበያ በመነጠቅ ሥጋት ነው፤ ወንዙን በሐዲድ መጥለፍ ነበር ዓላማው።

የክፍለ ግዛቲቱ ምክር ቤት ኩባንያው እንዲቋቋም በዲሴምበር 1827 ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው ዊልያም ኤይከን የተባለውን የጥጥ ነጋዴ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። የመስመሩ ዳርቻ እንድትሆን የታሰበችው ሐምበርግ ነች፤ ከኦገስታ ማዶ፣ በወንዙ የደቡብ ካሮላይና ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ። የቆረቆራት ከኦገስታ ሰዎች ጋር የተቃቃረ ሄንሪ ሹልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ ሲሆን፣ በ1821 ከተማዋን ሲመሠርት ሐሳቡ ኦገስታን ከገበያ ማስወጣት ነበር። አንዱ ወደብ በሌላው ወደብ ላይ፣ አንዱ ከተማ በሌላው ከተማ ላይ የያዘው ቂም በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ጸሐፊዎች ለቂም ተገቢውን ቦታ የሰጡት አይመስለኝም።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከከተማይቱ ነዋሪዎች አክሲዮን፣ ከራሷ ከቻርልስተን ከተማ አስተዳደርና ከክፍለ ግዛቲቱ ብድር። አንድ አስገራሚ ነገርም አለ። ኩባንያው ከፌዴራሉ መንግሥት እርዳታ ለማግኘት አመለከተ። የደቡብ ካሮላይና ሴናተሮች ግን የፌዴራል መንግሥት በክፍለ ግዛቶች ልማት እጁን ማስገባት የለበትም የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው፤ ስለዚህ የቻርልስተንን ነጋዴዎች ልመና ለሴኔቱ ያቀረበው የማሳቹሴትሱ ዳንኤል ዌብስተር ሆነ። ይህ የሆነው ዌብስተርና የደቡብ ካሮላይናው ሮበርት ሄይን ስለ ፌዴራልና ስለ ክፍለ ግዛት ሥልጣን ያንን ዝነኛ ክርክር ባደረጉበት ዘመን፣ በ1830 መባቻ ነው። ኩባንያው ከዋሽንግተን ገንዘብ አላገኘም። ሄይን ራሱ ግን በኋላ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተቀጠረው ሆሬሺዮ አለን የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። እንግሊዝ ሄዶ የእንፋሎት ባቡርን አጥንቶ ተመልሷል፤ በኦገስት 1829 በፔንሲልቬንያ ከእንግሊዝ የመጣውን ሎኮሞቲቭ በገዛ እጁ ነድቷል። በዚያን ጊዜ ሐዲድ ማለት በፈረስ የሚጎተት ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ማለት ነበር፤ እንፋሎት ያዋጣል ብሎ የሚምል ሰው ጥቂት ነው። የቻርልስተን ሰዎችም ያልሞከሩት የለም። ፈረስ ጋሪው ላይ ቆሞ በሚረግጠው ተንቀሳቃሽ ወለል የሚሠራ ባቡር ሞክረዋል፤ እንደ ጀልባ ሸራ ተሰቅሎለት በነፋስ የሚሄድ ጋሪም ሞክረዋል። አለን ግን መስመሩ ከመነሻው ለእንፋሎት ታስቦ እንዲሠራ ለዳይሬክተሮቹ አሳሰበ። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ ፈረስ ወደፊት ዛሬ ካለው ፈረስ የተሻለ አይሆንም፣ ሎኮሞቲቭ ግን የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ዳይሬክተሮቹ ተቀበሉት። ይህ ውሳኔ በዓለም የባቡር ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የሚነገርለት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ በኒው ዮርክ በዌስት ፖይንት የብረት ማቅለጫ ተሠርቶ በ1830 መኸር በመርከብ ቻርልስተን ደረሰ። «የቻርልስተን የልብ ወዳጅ» ተባለ። በዲሴምበር 25 ቀን 1830፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ 141 መንገደኞችን ይዞ ስድስት ማይል ያህል ሄደ። በአሜሪካ ምድር የተሠራ ሎኮሞቲቭ መደበኛ የመንገደኞች አገልግሎት የጀመረው በዚያ ቀን ነው።

ሐዲዱ ዛሬ እንደምናውቀው ሐዲድ አልነበረም። ከቻርልስተን ወደ ውስጥ ሲገባ ምድሩ ረግረግና ጥድ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል አፈር ከመደልደል ይልቅ የጥድ ግንድ እየተተከለ ሐዲዱ በግንዱ ላይ እንደ ረጅም ድልድይ ተዘረጋ። በእንጨቱ ወራጅ ላይ ቀጭን የብረት ጥፍጥፍ ተመታበት። ባቡሩ በአንዳንድ ቦታ ከመሬት በላይ በግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። ሐምበርግ አጠገብ ደግሞ መሬቱ በድንገት ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ 180 ጫማ ያህል ነው። ለዚያ ዘመን ሎኮሞቲቭ የማይታሰብ ስለነበረ በዳገቱ አናት ላይ ቋሚ የእንፋሎት ሞተር ተተክሎ ፉርጎዎቹ በገመድ እየተሳቡ ይወጡና ይወርዱ ነበር። በዚያ ቦታ የተመሠረተችው ከተማ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስም ኤይከን ተባለች። እርሱ ግን መስመሩ ሲያልቅ አላየም፤ በ1831 ፈረስ ደንብሮበት በሠረገላ አደጋ ሞተ። አለን የሌሊት ጉዞንም ሞክሮ ነበር፤ ከሎኮሞቲቩ ፊት በሚገፋ ዝቅተኛ ፉርጎ ላይ አሸዋ አፍስሶ፣ በአሸዋው ላይ ሙጫ ያዘለ የጥድ ጉማጅ እያነደደ መንገዱን ያበራ ነበር።

እዚህ ላይ ማን ሠራው ወደሚለው ልለፍ። ግንዱን የቆረጠው፣ በረግረግ ውስጥ ቆሞ የተከለው፣ በኋላም ግንዱ ሲበሰብስ ከሥሩ አፈር እየሞላ ወደ ድልድል የለወጠው፣ በአብዛኛው በባርነት የተያዘ ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። መስመሩ የሚያልፍበት አካባቢ ባለሰፊ እርሻዎች በየድርሻቸው ሥራውን በኮንትራት ይወስዳሉ፤ ወይም ባሪያዎቻቸውን ለኩባንያው ያከራያሉ። ኪራዩ የሚከፈለው ለባለቤቱ ነው። እርሻው ሥራ በሚፈታበት ወራት የባቡሩ ሥራ ይደምቃል፤ ጥጥ ሲደርስ ሰው ይጠፋል። ኩባንያው ይህ አልመቸው ሲል ሰዎችን በራሱ ስም ወደ መግዛት ሄደ። ስለዚህ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎ፣ መሬትና ሰው በአንድ የንብረት ዝርዝር ውስጥ ይሰፍራሉ። የሂሳብ መዝገብ የማንበብ ልምድ የሌለው የታሪክ ተማሪ ይህን ገጽ ሊዘለው ይችላል። እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ።

አንድ ክስተት ላይ ትንሽ ልቆይ። በጁን 17 ቀን 1831 የ«ልብ ወዳጅ» የእንፋሎት ጋን ፈነዳ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሎኮሞቲቭ ፍንዳታ ይህ ነው። በየመጽሐፉ የምታገኙት ትረካ የሚከተለው ነው፦ ጥቁሩ እሳት አንዳጅ ትርፍ እንፋሎት ሲተነፍስ የሚያሰማው የፉጨት ድምፅ ስላስቸገረው የማስተንፈሻ ቫልቩን እጀታ አስሮ ላዩ ላይ ተቀመጠበት፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ጋኑን ፈነዳው። ትረካው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማሳቅ ነው።

ምንጩን ስንመረምር ግን ሁለት ቃል እናገኛለን። አንደኛው በአደጋው ሰሞን በቻርልስተን ጋዜጣ የወጣው ዘገባ ነው። እንደ ዘገባው ሎኮሞቲቩ እንጨት የጫኑ ፉርጎዎችን ለመቀበል ሄዶ በመዞሪያው መድረክ ላይ ሳለ እንፋሎት ተጠራቀመ፤ እሳት አንዳጁ ቫልቩን ተጫነው፤ ነጂው ኒኮላስ ዳሬል በእንፋሎት ጀርባው ተቃጠለ፤ ሁለት ጥቁሮችም ተጎዱ፤ አንዱ ጭኑ ተሰበረ፣ ሌላው ፊቱና ደረቱ ላይ ቆሰለ። ሁለተኛው ቃል የዳሬል የራሱ ነው፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱም ወዲህ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች መጽሐፍ ለሚያዘጋጀው ለዊልያም ብራውን የጻፈው ደብዳቤ። የድምፁ መሰልቸት፣ መታሰሩና መቀመጡ የሚገኙት በዚህ በኋለኛው ቃል ውስጥ ነው። ጋዜጣው እጁን ጫነ አለ እንጂ ለምን እንደጫነ አልተናገረም። ሁለተኛው ቁስለኛ ደግሞ ከኋለኛው ትረካ ፈጽሞ ወጥቷል።

ሁለቱ ቃሎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥፋቱ የእሳት አንዳጁ ነው። እሳት አንዳጁ በጉዳቱ ሞቷል፤ በሕይወት ቢተርፍም በደቡብ ካሮላይና ሕግ በነጭ ላይ መመስከር አይችልም ነበር። ነጂው ግን በሕይወት ነበረ፤ ጋኑ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ነበረ፤ ስለዚህም ለራሱ ይመሰክራል። ዳሬል ዋሸ ማለቴ አይደለም። ምስክሩ ባለጉዳይ መሆኑን ግን ማንም የሕግ ተማሪ ያስተውለዋል። ኩባንያው ከአደጋው በኋላ የወሰደው እርምጃም የሚናገረው አለው፤ ቫልቩ ከነጂው በቀር የማንም እጅ በማይደርስበት ቦታ እንዲሆን ተደረገ። ይህ ማለት እስከዚያ ቀን ድረስ የማሽኑ አሠራር ራሱ ጉድለት ነበረበት ማለት ነው። ሕዝቡን ለማረጋጋትም በሎኮሞቲቩና በመንገደኞቹ ፉርጎ መካከል የጥጥ እሽግ የተጫነበት ፉርጎ ገባ። ከጥጡ ወዲያ ነጂውና እሳት አንዳጁ፣ ከጥጡ ወዲህ ተሳፋሪው። የተረፈው የማሽኑ ክፍል ተጠግኖ «ፊኒክስ» በሚል ስም ወደ ሥራ ተመለሰ።

የማሽኑን ስም እናውቃለን፤ ያጓጓዘችውን መርከብ ስም፣ የነጂውንና የመሐንዲሱን ስም እናውቃለን። የእሳት አንዳጁ ስም ግን አልተመዘገበም።

መስመሩ ካለቀ በኋላ የኩባንያው ሕልም ሰፋ። ሐምበርግ አልበቃም፤ ሐዲዱ የአፓላችያን ተራሮችን ተሻግሮ ኦሃዮ ወንዝ ላይ ሲንሲናቲ እንዲደርስ ታሰበ። በጁላይ 1836 በቴኔሲ፣ በኖክስቪል ከብዙ ክፍለ ግዛቶች የመጡ ልዑካን ተሰበሰቡ። የሉዊቪል፣ ሲንሲናቲና ቻርልስተን ባቡር ሐዲድ ኩባንያ የተባለው ድርጅት የቀድሞውን ኩባንያ ጠቀለለ፤ ፕሬዚዳንቱም ያ የዌብስተር ተከራካሪ ሮበርት ሄይን ሆነ። የሄይን ተስፋ ንግድ ምዕራቡን ከደቡብ ጋር ያስተሳስራል የሚል ነበር፤ ምዕራቡ ምርቱን በቻርልስተን ቢያወጣ በፖለቲካም ከደቡብ ጋር ይቆማል። በ1837 የመጣው የገንዘብ ቀውስ ሕልሙን አኮላሸው። ሄይን በሴፕቴምበር 1839 በሰሜን ካሮላይና፣ በአሽቪል ስለዚሁ ባቡር ጉዳይ እንደተሰበሰበ ታምሞ ሞተ። ከታላቁ ዕቅድ የተረፈው በ1842 የክፍለ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ኮሎምቢያ የደረሰው ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ከዚያም ድርጅቱ የደቡብ ካሮላይና ባቡር ኩባንያ ተብሎ ተጠቃለለ።

ቻርልስተንስ የፈለገችውን አገኘች? በከፊል። ጥጡ መጣ፤ ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ መሰናክል ቆመ። በሐምበርግ በኩል ኦገስታ ሐዲዱ ወንዙን ተሻግሮ እንዲገባ ለሃያ ዓመት ያህል እንቢ አለች፤ ተሻጋሪውን ጥጥ የሚያመላልሱ ጋሪዎችና ነጋዴዎች ጥቅም ነበራቸውና። በቻርልስተን በኩል ደግሞ የራሷ የከተማይቱ ሕግ ሎኮሞቲቭ ወደ ወደቡ እንዳይዘልቅ ከለከለ። ስለዚህ ያን ሁሉ ማይል በእንፋሎት የመጣ ጥጥ ከከተማው ዳር ወርዶ በፈረስ ጋሪ ወደ መርከብ ይጓዝ ነበር። ሳቫናም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ የራሷን ባቡር አቋቁማ በ1843 የጆርጂያ መሀል ከተማ ማኮን ደረሰች። ሐዲድ ተቀናቃኝን ድል የመንሻ መሣሪያ ሆኖ ከተጀመረ ተቀናቃኙም ሐዲድ ይሠራል። የቻርልስተን ሰዎች ይህን ያሰቡበት አይመስልም።

በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ያለውን ክርክር ባጭሩ ልንካ። ኡልሪክ ፊሊፕስ በ1908 ባሳተመው ሥራው የደቡብ ባቡር ያመጣው ውጤት የሰፋፊ እርሻውን ሥርዓትና የጥጥን ምርት ማስፋፋት እንጂ ሌላ ብዙም አይደለም ብሎ ነበር። ፊሊፕስ ባርነትን በለዘብተኛ ዓይን ያየ ሰው በመሆኑ ብዙ ሥራው ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ይህ ድምዳሜው ግን እኔን አሁንም ያሳምነኛል። አሮን ማርስ በ2009 መጽሐፉ በሌላ አቅጣጫ መጣ፤ ደቡቡ ከዘመናዊነት ወደኋላ የቀረ ሳይሆን ባርነትንና ዘመናዊነትን አጣምሮ የያዘ ኅብረተሰብ ነበር ይላል። እኔ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። አለን ሎኮሞቲቭን የመረጠው ዘመናዊ ሰው ስለነበረ ነው፤ ባለአክሲዮኖቹ የፈቀዱለት ደግሞ ጥጡ እንዲመጣላቸው ነው። ጥጡ ሲመጣ ተጨማሪ መሬት ይታረሳል፣ ተጨማሪ ሰውም ይገዛል። ኩባንያው ራሱ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። «ባርነት ከቴክኒክ ዕድገት ጋር አብሮ ሊኖር ስለማይችል በራሱ ጊዜ ይሞት ነበር» የሚለውን ብዙ ጊዜ የምንሰማውን አሳብ ይህ ኩባንያ አይደግፈውም፤ ለሠላሳ ዓመት ከባርነት ጋር ተስማምቶ ኖሯልና።

የሞተው በጦርነት ነው። በፌብሩዋሪ 1865 የጄኔራል ሸርማን ሠራዊት ከጆርጂያ ወደ ደቡብ ካሮላይና ሲገባ ከመጀመሪያ ዒላማዎቹ አንዱ ይህ ሐዲድ ነበር። ወታደሮቹ ወራጁን ነቅለው አነደዱት፤ ሐዲዱን በእሳቱ አግለው በዛፍ ግንድ ላይ ጠመዘዙት፤ እንደገና እንዳይቃና። ከጦርነቱ በኋላ መስመሩ ተጠግኖ ሥራ ቢጀምርም ኩባንያው ከዕዳ አልወጣም። በ1881 ተሸጠ፤ በ1894 ዳግመኛ ተሸጠ፤ በ1899 በታላቁ የሰዘርን ባቡር ኩባንያ ሥር ገባ። የአለን አምስት ጫማ የሐዲድ ስፋት የደቡብ መለኪያ ሆኖ እስከ 1886 ቆይቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በመላው ደቡብ ከ11,000 ማይል በላይ ሐዲድ ሚስማሩ እየተነቀለ ወደ ሰሜኑ ስፋት ተጠጋ።

ስለ ሐምበርግ ሳልናገር መጨረስ አልችልም። ድልድዩ በ1850ዎቹ ተሠርቶ ባቡሩ በቀጥታ ኦገስታ መግባት ሲጀምር ሐምበርግ ሥራ ፈታች፤ ነጋዴው ለቀቀ፣ መጋዘኑ ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ነፃ የወጡ ጥቁሮች ወና ወደቀረው ከተማ ገብተው አቀኑት። ከንቲባውም፣ ዳኛውም፣ የጥበቃ ጓዱም ከእነርሱ ሆነ። ዳኛው ፕሪንስ ሪቨርስ ቀድሞ የሠረገላ ነጂ ባሪያ የነበረ፣ በጦርነቱ ጊዜ በፌዴራሉ ጦር ውስጥ ሳጅን ሆኖ የተዋጋ ሰው ነው። በጁላይ 4 ቀን 1876፣ አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር፣ የጥቁሮቹ ጓድ በአደባባይ ሰልፍ ሲያደርግ መንገድ ልቀቁ ካሉ ሁለት ነጮች ጋር ተጋጨ። በጁላይ 8 በመቶዎች የሚቆጠሩ የታጠቁ ነጮች ከተማዋን ከበቡ፤ መድፍም ከኦገስታ በድልድይ አሻገሩ። ስድስት ጥቁሮች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ እጃቸው ከተያዘ በኋላ ነው። ከነጮቹም አንድ ሞተ። ዘጠና አራት ሰዎች ተከሰሱ፤ አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ከታጣቂዎቹ አንዱ የነበረው ቤንጃሚን ቲልማን በ1890 የክፍለ ግዛቲቱ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ ከዚያም ለሴናተርነት በቃ።

በ1929 የወንዙ ጎርፍ የመጨረሻዎቹን ነዋሪዎች አስለቀቀ። ዛሬ ሐምበርግ የምትባል ከተማ የለችም። «የቻርልስተን የልብ ወዳጅ» ግን በ1928 በተሠራ ምስያው ቻርልስተን ውስጥ ለጎብኚ ይታያል።

የተመደበልኝ ጊዜ አልቋል፤ ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።